የትምህርት ቤቱ ውሃ

ከእሑድ ጸሎት በኋላ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሚሲዮናዊው ከታችኛው ሰፈር በፈረስ መጥቶ "ትንሽ ቆዩልኝ" ስላለ፣ የሪትክሎፍ ሰዎች በሸንበቆ በተከደነው የጸሎት ቤት ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ቦታ ያጡት በሩን ሞልተው ቆመዋል። ኮቡስ እንደ ልማዱ ከኋላ ነበር፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ።

ሚሲዮናዊው ነገር አላንዛዛም። ባሕር ማዶ ያለው ማኅበር ለሪትክሎፍ ልጆች አንዲት አስተማሪ ለመቅጠር ፈቅዷል፤ ሰሌዳና የፊደል ገበታም ይልካል። የአስተማሪዋን መተዳደሪያ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚችለው። ቀሪውን ሰፈሩ ራሱ መሙላት አለበት።

"ካልሆነላችሁ አልቀየማችሁም" አለ። "ግን ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በካት ወንዝ ዳር የየራሳቸውን መሬት ካገኙ ገና ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በፊት ሁሉም የነጭ ገበሬ በግ ሲጠብቅ፣ የነጭ ገበሬ ሠረገላ ሲነዳ የኖረ ነው። አሁን ገብስ አላቸው፣ ዱባ አላቸው፣ አንዳንዱም ሁለት ሦስት ላም ያልባል። ጥሬ ገንዘብ ግን እንጨት ጭነው ወደ ጦር ሰፈሩ የወረዱ ጊዜ ካልሆነ አያዩም።

የሰፈሩ አለቃ ስኪፐርስ ተነሣ። የድሮ ወታደር ነው፤ አሁንም ሲናገር ተረከዙን ያጋጥማል።

"ገንዘብ የለንም። መሬት ግን አለን። ከቦዩ በታች ያለው ጠፍ የማንም አይደለም። ለትምህርት ቤቱ እንስጠው። በየተራ ገብተን እናርሰዋለን፣ እንዘራዋለን፤ የሚወጣው ገብስ የአስተማሪዋ ይሁን።"

"ይሁን!" አለ ሰዉ። እጅ ሁሉ ወጣ። ሰባት ልጆች ያሉት ፍሊፕ ሁለቱንም እጆቹን አነሣ።

"ውሃውስ?" አለ ኮቡስ ከኋላ።

ሰዉ ወደ እሱ ዞረ።

"በዝናብ ብቻ እዚያ መሬት ላይ ገብስ አይበቅልም። ውሃው ከየት ይመጣል?"

"እሱንማ አንተ ታውቃለህ፣ ኦም ኮቡስ" አለ ፍሊፕ። "የውሃ አባት አንተ አይደለህ እንዴ?"

ሁሉም ሳቀ፤ ሚሲዮናዊውም ሳይቀር። ነገሩ በዚያው ኮቡስ ትከሻ ላይ ወደቀ።

በሰፈሩ ያለ ትንሽ ትልቁ አጎቴ ለማለት ኦም ኮቡስ ነው የሚለው። ቦዩን የቀየሰው እሱ ነው። ፊደል አይቆጥርም፤ ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ጣውላ ላይ አጋድሞ፣ ጣውላውን እርምጃ በእርምጃ እያስጠጋ፣ ከወንዙ ራስ እስከ መጨረሻው ማሳ መስመሩን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ውሃውን የሚያካፍለው እሱ ነው። አሥራ ሁለት ቤተሰብ፣ ስድስት ቀን፣ ጧትና ከሰዓት፤ አሥራ ሁለት ተራ። እሑድ ውሃው በወንዙ አልፎ ለታችኛው ሰፈር ይሄዳል፤ ውላቸው ነው። ትርፍ የሚባል ነገር የለም።

ቢሆንም በማግሥቱ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቤት ለቤት ዞረ። ከየተራው ጥቂት ጥቂት ቢቆርሱለት አንድ ተራ ይሞላል ብሎ ነበር።

ፍሊፕ ሠረገላው ሥር ተኝቶ መንኮራኩር ሲጠግን አገኘው።

"አንተማ ከማንም በፊት ትሰጣለህ" አለው ኮቡስ። "ሰባት ልጅ ነው የምትልከው።"

"እሱ ነው እኮ ችግሩ፣ ኦም ኮቡስ! ሰባት ልጅ ምን እንደሚበላ ታውቃለህ? ልጅ የሌለው ሰው ቢሰጥ ነው የሚያምርበት።" ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና ራሱን ከሠረገላው ሥር አወጣ። "ማለቴ... አንተን ማለቴ አይደለም።"

"ገብቶኛል" አለ ኮቡስ፤ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ኮቡስና ሚስቱ ሌያ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ኢዛክ። በአገልጋይነት ያደሩለት ገበሬ ልጁን በስምንት ዓመቱ በውል አስሮ ለራሱ ሥራ አስቀረው። ሕጉ ተለውጦ ሁሉም ነፃ ሲወጣ ኢዛክ ጎልማሳ ሆኖ ነበር፤ ከሠረገላ ነጂዎች ጋር ከትልቁ ወንዝ ማዶ ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። በቤታቸው ስሙ ብዙ አይነሣም።

አሥራ አንዱም ቤት ምክንያት ነበረው። አንዷ መሬቴ አሸዋ ነው አለች፤ አንዱ ተራዬ የሐሩር ሰዓት ላይ ነው አለ፤ አለቃው ራሱ "እኔ መሬቱን አሰብኩ፤ ውሃውን ደግሞ ሌላ ሰው ያስብ" አለ። ኮቡስ ቤቱ ሲመለስ ሌያ ፊቱን አየችና ገባት።

"እሑድ እጅ አውጥተው ነበር" አለችው፤ የገብስ ገንፎውን እያቀረበች። "ሰኞ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱት።"

"ክፉ ሰዎች አይደሉም።"

"ማን ክፉ ናቸው አለ? አንተን ሞኝ ነህ ነው ያልኩት።"

ኮቡስ ገንፎውን በላ። ከዚያ ለብዙ ቀን በቦዩ ዳር ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። ከወንዙ ራስ የሚገባው ውሃ ጉልበቱ ድረስ ነው፤ ፍሊፕ ማሳ ሲደርስ ከቁርጭምጭሚቱ ብዙም አያልፍም። መንገድ ላይ የሚጠጣው ማን ነው? ቀዩ ገደል ከሚባለው መታጠፊያ በታች፣ ማንም ያላጠጣው ቁልቁለት ላይ፣ ሣሩ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ አገኘው። ተንበርክኮ እጁን ሣሩ ውስጥ ከተተ፤ እርጥብ ነው። ቦዩ እዚያ ቦታ የሚያልፈው በጠጠር ላይ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃቸውን ለፍየል ግጦሽ ሲያፈሱት ኖረዋል።

በዚያው ሰሞን አስተማሪዋ መጣች። ዲና ትባላለች፤ ከባሕሩ አጠገብ በሚገኝ የሚሲዮን ጣቢያ ያደገች፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት። እናቷንና አንዲት ዶሮ ይዛ በሰው ሠረገላ ላይ ደረሰች። ሠላሳ አንድ ልጆች በመጀመሪያው ቀን በሯ ላይ ተሰልፈው ጠበቋት።

ኮቡስ ስለ ቀዩ ገደል ለአለቃው ሲነግረው ሰማችው።

"በምንድን ነው የሚደፈነው?" ብላ ጠየቀች።

"በኩይሳ አፈር። የምስጥ ኩይሳ ተፈጭቶ በውሃ ሲረገጥ ድንጋይ ነው የሚሆነው፤ ቤታችንን የምንለቀልቅበት። ግን ብዙ ነው የሚፈልገው፣ የኔ ልጅ። ስድሳ እርምጃ ርዝመት አለው።"

"እኔ ጋ ስድሳ ሁለት እጅ አለ፣ ኦም ኮቡስ" አለች። "የሚረግጥማ እግርም አላጣም።"

አራት ቀን ትምህርት ቤቱ ገደሉ ላይ ዋለ። አባቶች ቦዩን አደረቁና ጠጠሩን አወጡ፤ እናቶች ኩይሳ ቆፈሩ፤ ልጆች በቅርጫት አመላለሱ። ዲና በየቅርጫቱ ታስቆጥራቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ትንንሾቹ ሳይቀሩ እስከ መቶ ያለ እንከን ይቆጥሩ ጀመር። ጭቃውን ሲረግጡ እየዘፈኑ ነው፤ ሌያ እንኳን ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። የዘፈነችው በአያቶቻቸው የድሮ ቋንቋ፣ ቃሉ በምላስ ጠቅታ በሚነገረው ነው፤ ልጆቹ ቃሉን ባያውቁትም ምላሳቸውን እያጮሁ አስመሰሉት።

ውሃው ሲለቀቅ ፍሊፕ ማሳው አፍ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ጉልበቱ አጠገብ ደረሰበት። "ኧረ ጉድ!" እያለ እንደ ልጅ ዘለለ። ከዚያ በኋላ አንድ ማሳ በግማሽ ቀን ይጠጣ የነበረውን በጥቂት ሰዓት ይጠግብ ጀመር፤ ኮቡስ ተራዎቹን አጠጋጋና ረቡዕ ጧት ነፃ ወጣ። ረቡዕ ጧት የትምህርት ቤቱ ሆነ።

የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ጥሩ ነበር። ለዲናና ለእናቷ ከበቃ በኋላ የተረፈው በእንጨት ጭነት ላይ ተደርቦ ወደ ጦር ሰፈሩ ወረደና መስኮት ሆኖ ተመለሰ። በሁለተኛው ዓመት ከኮረብታው ማዶ ያሉ ሰዎችም ልጆቻቸውን ይልኩ ጀመር፤ ልጆቹ አርባ ስምንት ደረሱ። ከጸሎት ቤቱ ጎን ሌላ ክፍል ተሠራ፤ ሌያ ከቤቷ ወንበር ላይ ሆና ሲያነቡ ትሰማቸዋለች። ሚሲዮናዊው በመጣ ቁጥር ሪትክሎፍን ለሌሎች ሰፈሮች ምሳሌ አድርጎ እንደሚያወራ ይነግራቸዋል። ኮቡስ ይህን ሲሰማ አካፋውን ያፀዳል።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ቀረ። ወንዙ ድንጋዮቹን አወጣ፤ ቦዩ ውስጥ የሚሄደው ውሃ ከቁርጭምጭሚት በታች ሆነ። ሰዎች የተራቸው ጊዜ ሳይደርስ ማሳቸው ዳር መቆም ጀመሩ፤ የጎረቤታቸውን መገደቢያ ጓል በዐይናቸው ይለካሉ። ኮቡስ ከጧት እስከ ማታ እግሩ ከቦዩ ዳር አይጠፋም ነበር። አንዱን ይቆጣል፣ አንዱን ያባብላል። ሁሉም ይሰማው ነበር፤ አንድ ቀን ለራሱ አድልቶ አያውቅማ።

የእሱ ማሳ የመጨረሻው ነው። ቦዩን የቀየሰ ሰው መጨረሻውን ይውሰድ ብሎ ራሱ ነው የመረጠው። በድርቁ ዓመት ግን ውሃ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ገብሱ ፍሬ መቋጠር በጀመረበት ሰሞን የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ሌላ አንድ ውሃ፣ አንድ ጥሩ ውሃ ቢያገኝ ይበቃዋል።

ረቡዕ ጧት እንደ ወትሮው ለትምህርት ቤቱ ማሳ ከፈተ። ቆሞ አየ። ውሃው በመስመሩ ውስጥ ቀስ እያለ ገባ። የትምህርት ቤቱ ገብስ ከእሱ የተሻለ ነበር፤ ቦታው ከፍ ስለሚል ቀድሞ ይጠጣል። ፀሐይዋ ከኮረብታው ጫፍ ብዙ ሳትርቅ ኮቡስ ጎንበስ ብሎ ጓሉን አነሣና መልሶ ዘጋው። ውሃው ወደ ታች፣ ወደ እሱ ማሳ ወረደ። እጁ ሲሠራ ያየው የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። "ለትንሽ ነው" አለ ለራሱ። "ዳሩን ብቻ።"

ዳሩ ጠጣ። ከዚያ መሐሉ ጠጣ። ኮቡስ በገብሱ መሐል ቆሞ ውሃው በእግሩ ጣቶች መካከል ሲያልፍ ይሰማዋል። የተሰነጠቀው መሬት ሲጠጣ ድምፅ ያሰማል፤ እሱን እያዳመጠ ጊዜው ሄደ።

ቀና ሲል ዲና በቦዩ ዳር ቆማለች። ለልጆቹ ውሃ ልትቀዳ ባልዲ ይዛ ወጥታ ነበር። የትምህርት ቤቱን መገደቢያ አየች፤ ተዘግቷል። እሱን አየች። በመሐላቸው ሃያ እርምጃ እንኳን አይሞላም።

"እንደምን አደሩ፣ ኦም ኮቡስ" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

ባልዲዋን ሞላችና ተመልሳ ገባች። ወዲያው ልጆቹ በአንድ ድምፅ ማንበብ ጀመሩ።

ኮቡስ ሮጦ ውሃውን መለሰ፤ ግን የጧቱ ግማሽ አልፎ ነበር። የሐሙስ ባለ ተራዎች መጡ፤ ዓርብ መጣ። ዲና ለማንም አልተናገረችም። መንገድ ላይ ስታገኘው እንደ ቀድሞዋ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ትለዋለች። ብትሰድበው በወደደ ነበር። ሌያ "ምን ሆነሃል? ጥርስህን ነው?" አለችው። "አዎ፣ ጥርሴን ነው" አለ። ገብሱም ቀና ብሎ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ እሱን ማየት ግን አልቻለም፤ በሌላ በኩል እየዞረ ይሄድ ጀመር።

ቅዳሜ ከሰዓት አለቃ ስኪፐርስ ሰዎችን ሰበሰበ። ፍሊፕ ተይዟል። ዓርብ፣ በሌላ ሰው ተራ፣ በሁለት ጓል መሐል ቀዳዳ ትቶ ውሃ ሲያሾልክ ጎረቤቱ ደረሰበት። ሁሉም በጸሎት ቤቱ ደጅ፣ በጥላው ተቀመጡ። ዲናም ከእናቷ ጋር ጥግ ላይ ነበረች።

"አልክድም" አለ ፍሊፕ፤ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ። "ዱባዬ እየሞተ ነው። ሌሊት ልጆቼ ስንት እንደሆኑ ነው የምቆጥረው። እናንተ ብትሆኑስ?"

"ሁላችንም ልጅ አለን" አለ ጎረቤቱ።

"ፈራጁ የውሃ አባት ነው" አለ አለቃው። "ሕጋችን አንድ ነው፤ ውሃ የሰረቀ ሁለት ተራ ያጣል። ኮቡስ፣ ተናገር።"

ኮቡስ ተነሣ። አካፋውን እንደ ምርኩዝ ያዘ።

"እኔ በፍሊፕ ላይ አልፈርድም" አለ።

"ለምን?"

"ረቡዕ ጧት የትምህርት ቤቱን ውሃ ዘግቼ ማሳዬ ውስጥ ለቀቅኩት። ግማሽ ጧት ያህል። ፍሊፕ በቀዳዳ ነው የወሰደው፤ እኔ በሙሉ ነው የወሰድኩት።"

ለጊዜው ሰው የሰማውን ያመነ አይመስልም ነበር። ከዚያ ፍሊፕ መሣቅ ጀመረ። ክፋት የለበትም፤ ያፈነው ነገር የተለቀቀለት ሰው ሣቅ ነው።

"ኦም ኮቡስ! አንተ! እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ከአንተ ስሸሽ!"

"ዝም በል አንተ!" አለው አለቃው። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። "ይሄ የሚያስቅ ነገር አይደለም። ከጎረቤት መስረቅ አንድ ነገር ነው። ይሄ ግን የልጆቹ ነው። ማን ነው ያየህ?"

ኮቡስ ወደ ዲና አልተመለከተም። "እኔ አይቻለሁ፤ አይበቃም?"

አንዲት ሴት ድሮም ልጅ የሌለው ሰው ላይ መጣል አልነበረብንም አለች። ሌያ ከተቀመጠችበት በድሮው ቋንቋ አንድ ነገር መለሰችላት፤ ሴትየዋ ቀላች፤ ትርጉሙን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ጢማቸውን ያዙ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሁለቱም ሁለት ሁለት ተራ እንዲያጡ ተፈረደ። የውሃ አባትነቱን ደግሞ ኮቡስ ራሱ አካፋውን መሬት ላይ በማስቀመጥ ተወው።

"ታዲያ ማን ይያዘው?" አለ አለቃው። ከንፈሩን የነከሰ እንጂ እጁን ያነሣ የለም፤ በድርቅ ዓመት ማን ጠላት ያበዛል?

"ፍሊፕ ይያዘው" አለ ኮቡስ።

"ሌባውን?"

"ውሃ እንዴት እንደሚሾልክ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አለ?"

እንደገና ሣቅ ሆነ። በመጨረሻ ግን ሌላ ሰው ስላልተገኘ ፍሊፕ ያዘው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ለሰፈሩ እረፍት አልሰጠም። ከኮቡስ አሥር እጥፍ ጥብቅ ነበር። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ቦዩ ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጓል ስም አወጣለት። ሚስቱ "ቤት የምናየው ለምግብ ብቻ ነው" እያለች ታማርራለች፤ ግን እየኮራች ነው።

ሌያ ሁለት ቀን ኮቡስን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን እርጎ አቀረበችለትና "ጥርስህ ተሻለህ?" አለችው። እሱም "ተነቅሏል" አለ። ነገሩ በቤታቸው በዚሁ አበቃ።

ዲና ዘንድ ግን መሄድ ነበረበት። ልጆቹ ከተበተኑ በኋላ ሄደ። ሰሌዳዎቹን እየወለወለች በመደዳ ትደረድር ነበር። ወንበር አቀረበችለት፤ አልተቀመጠም።

"ለምን አልተናገርሽም?"

ሰሌዳውን ወለወለች። "ብናገር ምን ይሆን ነበር? ትምህርት ቤቱ መጥቶ አጋጨን ይሉ ነበር። ባደግኩበት አገር እንደዚህ ነው አንድ ትምህርት ቤት የተዘጋው፤ ከአንድ በሬ ተነሥቶ።"

"ያን ያህል አስበሽ ነው?"

"እንደሱ አይበሉ፤ ሁሉን አስቤ አይደለም።" ጨርቁን አስቀመጠች። "ተናድጄ ነበር፣ ኦም ኮቡስ። እናቴ እዚያ ማሳ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ትወርዳለች፤ አረሙን በጣቷ ነው የምትነቅለው። እርስዎን ሰላም ባልኩ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ነው። ሳይናገሩ አዝመራው ቢደርስ፣ ጓዜን ጠቅልዬ እሄድ ነበር። ለእናቴ ነግሬያት ነበር።"

ኮቡስ ባርኔጣውን አወለቀ። "አሁንስ?"

"አሁንማ አርባ ስምንት ልጅ አለብኝ" አለች። "የትም አልሄድም። ይቀመጡ እንጂ።"

ተቀመጠ። ሲወጣ የተሰበረ የመስኮት ማጠፊያ አየና በማግሥቱ መጥቶ አበጀው።

የኮቡስ ገብስ ሁለት ተራ ካጣ በኋላ ግማሹ ደረቀ። የትምህርት ቤቱ ደግሞ በድርቁ ሳስቶ የባለፈውን ዓመት እኩሌታ ብቻ ሰጠ። ለዲናና ለእናቷ የጎደለውን ሰዉ ዱባውን፣ ማሩን፣ አንድ አንድ ቅል እርጎውን እያመጣ ሞላው። አለቃ ስኪፐርስ አንድ የምትታለብ ፍየል እየጎተተ መጣና በር ላይ አስሯት ሄደ።

ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ ሚሲዮናዊው ደብዳቤ ይዞ መጣ። እንደ ድሮው ከጸሎት በኋላ ሰዉ እንዲቆይለት ለመነ። በሸለቆው ውስጥ ያሉት ትምህርት ቤቶች አሁን ዘጠኝ ደርሰዋል አለ፤ ሪትክሎፍን አይተው የጀመሩ ብዙ ናቸው። የማኅበሩ ገንዘብ ግን ያው ነው። ለዘጠኝ ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። ከእንግዲህ ማኅበሩ ለዲና ከመተዳደሪያዋ ሩቡን ብቻ ይሰጣል። ልጆቹም ስለበዙ ረዳት ያስፈልጋታል፤ ለረዳቷ ከማኅበሩ የሚመጣ ነገር የለም።

"እኛ ስለተሳካልን ነው የምንቀጣው?" አለ ፍሊፕ፤ አካፋው በእጁ ነው።

"ቅጣት አይደለም፣ ፍሊፕ" አለ ሚሲዮናዊው። "ገንዘቡ ነው ያነሰው። እኔም ብጽፍላቸው አልሰሙኝም።"

ማጉረምረም ሆነ። አንዱ ከኮረብታው ማዶ የሚመጡት ይመለሱ አለ፤ ሌላው ትልልቆቹ ልጆች ማንበብ ከቻሉ ይበቃቸዋል አለ። ኮቡስ ከኋላ ሆኖ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ ድርቅ ዓመት ወዲህ በስብሰባ ላይ መናገር ትቷል፤ ለመናገር መብት ያለው አይመስለውም።

ሌያ ተነሣች። ሌያ በሕይወቷ በስብሰባ ላይ ተነሥታ አታውቅም። ኮቡስ ልትወጣ ነው ብሎ እግሩን ሰበሰበላት።

"የእኛ ዓርብ ጧት ነው" አለች። "ግማሹ ለትምህርት ቤቱ ይሁን።"

ኮቡስ ቀና ብሎ አያት።

"ምን ታየኛለህ?" አለችው፤ ሰዉ ሁሉ እየሰማ። "ሁለት ሽማግሌ ነን። ስንት ገብስ ነው የምንበላው?"

"ታንታ ሌያ፣ እናንተ እኮ ልጅ የላችሁም" አለች ባለፈው የተናገረችው ሴት፤ አክስቴ ለማለት ታንታ ብላ፣ አሁን በለስላሳ ድምፅ። "ሸክሙ የእኛ ነበር።"

"እኔ ከቤቴ ሆኜ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ" አለች ሌያ። "ጧት ጧት እነሱ ካልጀመሩ እኔም ሥራ አልጀምርም። እሑድ ቤቱ ዝም ሲል ቀኑ አይገፋልኝም። ከኮረብታው ማዶ ያሉትን መልሱ የሚለው ማን ነበር? የትኞቹ ድምፆች እንደሚቀሩ ይንገረኝና እኔም ልወቀው።"

ይመለሱ ያለው ሰው ራሱን አቀርቅሮ ጫማውን መረመረ። ሌያ ተቀመጠች። ኮቡስ እጁን እጇ ላይ ደረበ።

ፍሊፕ ጉሮሮውን ጠረገ። "የውሃ አባት እኔ ስለሆንኩ" አለ፤ በዚህ ቃል መጀመር ይወዳል፤ "ከሰኞ ከሰዓቴ አንድ ሰዓት እሰጣለሁ። አንድ ሰዓት! ሰባት ልጅ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ከሰጠ፣ አራት ያለው ስንት ይሰጣል?"

"እኔ ሦስት ነው ያለኝ" አለ አንዱ።

"እንግዲያው አንተ ብዙ ትሰጣለህ!"

ሰዉ ሣቀ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይናገሩ ጀመር። አንዱ ከረቡዕ፣ አንዷ ከቅዳሜ፣ አለቃው ከማክሰኞ። ዲና ጥግ ላይ ሆና በሰሌዳ ጻፈችው። ሳትጨርስ ሰሌዳው ስለሞላ ከአጠገቧ ያለች ተማሪ ሌላ አቀበለቻት። ሚሲዮናዊው ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

በቀጣዩ ዓመት የሪትክሎፍ ትምህርት ቤት ሰባ ሁለት ልጆችና ሁለት አስተማሪዎች ነበሩት። ሁለተኛዋ የፍሊፕ ትልቋ ልጅ ካትሬይን ናት፤ አባቷ ውሃውን ይዞ በሯ ፊት ባለፈ ቁጥር ሳያስፈልገው ጮክ ብሎ ሰላም ይላታል። ሰኞ ሰኞ ኮቡስ ከልጆቹ ጋር በተጨመረው ውሃ የለማውን አዲሱን የትምህርት ቤት ማሳ ያርማል። ሥራው አልቆ ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ እሱ ቦዩ ውስጥ እጁን ይታጠብና ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌያ ምሳ ካላቀረበች ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጦ አብሯት ንባባቸውን ያዳምጣል።